ስልሳ አንደኛው

እጣውን እኔ ነኝ በመቀስ የቆረጥኩ፣
በመዝገብ ቤት ቢሮ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ጧፍ ይዤ፣ ሌሊቱን ያጋመስኩ።
ለዘጠነኛ ክፍል፣ ለስልሳ ወንበር፣ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ስም፤
መምህር እንግዳው አሉኝ፦ «ጥሩዬ፣ ሌላ መንገድ የለም።»

ሌላውን ሞክረናል።
መጀመሪያ በውጤት አልን፤ በስምንተኛ ክፍል ፈተና፤
ሰባ ስምንት፣ ሰባ ስምንት፣ ደግሞ ሰባ ስምንት መጣና፣
ማን ከማን ይበልጣል? አስርዮሹም ያልቃል፤
መንፈቅ በተዘጋ ክፍል፣ ሰነፍና ጎበዝ በምን ይታወቃል?

ቀጥለን በሰፈር፦ ከቀሃ ወዲህ ያለ ይግባ፣ ወዲያ ያለ ይቅር፤
ካርታው ላይ ወንዟን በቀይ እስክሪብቶ አሰመርናት እንደ ድንበር።
ወይዘሮ አዝመራ መጣች፣ ከማዶ፣ ጫማዋን ጭቃ ውጦት፤
«ደወላችሁ ነው» አለች፣ «ስመኝን ከእንቅልፍ የሚያነሳት፤
ቀሃን ነው ድንበር ያላችኋት፣
በበጋ ዶሮ እግሯ ሳይርስ የምትሻገራት?»

ከዚያ በመታወቂያ። ተከራይ የለውም፤ አከራይ አይሰጥ፤
የአራዳው ባለሱቅ ግን በአንድ ቤት ቁጥር፣ በአንድ ሌሊት፣
ሰባት የእህት ልጅ ሲያስመዘግብ አይደነግጥ።

ስለዚህ እጣ። እጣ አያዳላም፤ እጣ ዘመድ የለው፤
ማታ ጎኑን ሲያሳርፍ፣ የማንም ልጅ ፊት መጥቶ እንቅልፍ አይከለክለው።
በስልሳው ላይ «ገብቷል» ብዬ ጻፍኩ፤ ሌላውን ነጭ ተውኩ፤
አራት ቦታ አጥፌ፣ በዱቄት ወተት ጣሳ ከተትኩ።

በማግስቱ ግቢው ሞላ፤ ከማራኪ፣ ከሳሙና በር፣ ከአዘዞ ድረስ፤
ጃንጥላ በጃንጥላ፤ ስም ሲጠራ፣ ልጅ ሲመጣ፣ ጣሳው ሲታመስ።
አማትቦ እጁን የሚሰድ አለ፤ «ቢስሚላህ» ብሎ የሚሰድ አለ፤
አንዱ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከታች፣ ከጥግ፣ እስከ ክርኑ ፈለፈለ።
ሸጋው ታከለ፦ ገብቷል። ዘምዘም አወል፦ ነጭ።
ፋሲካ እንየው፦ ነጭ። የሷ ተከታይ፦ ነጭ። ነጭ። ነጭ።

ስልሳው ሞላ። መምህር እንግዳው መዝገቡን ሊዘጉ ሲሉ፣
አርባ ልጅ ገና ቆሟል፤ «ይጨርሱ፣ እጃቸው ያውጣው» አሉ።
አንድ ቀጭን የአንገረብ ልጅ፣ ጣሳውን ሳያይ አወጣ፤
«ገብቷል» ይላል። የኔ እጅ ጽሑፍ ነው። ከየት መጣ?

ቆጠሩ፤ ስልሳ አንድ። ደግመው ቆጠሩ፤ ስልሳ አንድ።
ሁሉም ወደኔ ዞሩ፤ እኔ ጣሪያ ጣሪያውን፣ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲወርድ።
«የመጨረሻው ትርፍ ነው» አለ ከኮሚቴው አንዱ፤ «ይሰረዝ።»
በጣሳ ውስጥ መጨረሻ ምንድን ነው? ማን ቀድሞ፣ ማን ኋላ ይያዝ?
ትርፉ የመጀመሪያውም ነው፤ ሃያኛውም፤ የባለሱቁም የእህት ልጅ፤
ማንን ልታወጣ ነው? የማንን ቀለም ይፍቃል የማን እጅ?

ልጁ በርጩማ ከቤቱ ተሸክሞ መጣ፣ መስከረም ላይ፤
መስኮቱ ሥር ተቀምጦ፣ ጥቁር ሰሌዳውን በሰያፍ ሲያይ።
ሰው ይጠይቀኛል፦ «ጥሩዬ፣ ተሳስተሽ ነው፣ ወይስ…?»
መብራት ጠፍቶ ነበር እላለሁ። እውነትም ጧፍ ነበር፣ ያውም የሚጨስ።

እኔን የሚያባንነኝ ግን የገባው አይደለም፤
ስመኝ ነች፤ ለሷ ስልሳ ሁለተኛ አልጻፍኩም።
ወረቀቷን ፈታች። ነጭ። ዝም አለች።
ከዚያ ገልብጣ ጀርባውን አየች።
የቆረጥኩት ካለፈው ዓመት የፈተና ወረቀት ነበርና፣
«ከሚከተሉት ውስጥ ትክክለኛውን ም…» ይላል፣
እዚያ ላይ መቀሴ አልፎበት።
መልሳ አጥፋ ኪሷ ከተተችው።

ሰኞ ጠዋት ዘበኛው ወደ ደወሉ ሲሄድ፣
«ቀስ አድርገህ ምታው» አልኩት።
«ለምን?» አለኝ።
ምን እለዋለሁ።